ወፍጮው በየዓመቱ ሲያረጅ

ባለፈው ሰሞን ከባሕር ዳር ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ወረታ መግቢያ ላይ ቆመ። ሾፌሩ የኋላውን ጎማ ሊያይ ወረደ፤ ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ መስኮቱን ከፈተችና ወዲያው የሩዝ ገለፈት ጭስ ሞላን። ገለፈት የምንለው ሩዝ ሲፈለፈል ከላዩ የሚወልቀውን ልባሱን ነው። ወፍጮ ቤቶቹ ከከተማው ዳር ከምረው እሳት ይለቁበታል፤ እሱም እንደ እንጨት ቦግ ብሎ አይነድም፣ ውስጥ ለውስጥ ሲጤስ ይሰነብታል። ልጅቱ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ መስኮቱን ልትዘጋ ስትል ትንሽ ቆይ አልኳት። ገርሟት አየችኝ። ጭሱን ወድጄው አይደለም፤ እኔንም ያስለኛል። ግን የሠራሁበት ዘመን በሙሉ የሚሸተው እሱን ነው። ልብሴ፣ ፀጉሬ፣ የቢሮዬ መጋረጃ ሳይቀር እሱን ይሸት ነበር። አንድ ጊዜ እኅቴ ልትጠይቀኝ ከደብረ ታቦር ወርዳ፣ ደጃፌ ላይ ቆማ ቤትሽ ተቃጥሎ ነው ወይ ብላኛለች።

የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ወረታ የመጣሁት የንግድ ሥራ ትምህርቴን እንደጨረስኩ፣ በገበሬዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሒሳብ ያዥ ሆኜ ነው፤ ለጥቂት ወር ብዬ መጥቼ ጡረታ እዚያው ወጣሁ። ያኔ ወረታ ማለት መገንጠያው ነበር። አንዱ መንገድ ወደ ጎንደር ይሄዳል፣ አንዱ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል፤ ከተማው በሁለቱ መሐል ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ያያል። ባጃጅ አይታወቅም፤ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው በፈረስ ጋሪ ሽልንግ ነው፣ ዕቃ የያዘ ሰው ይጨምራል። ሻይ በስሙኒ፣ ሻይ ከዳቦ ጋር በሽልንግ። እኛ የጽሕፈት ቤት ሴቶች ሽንሽን ቀሚስ ከእጅ ሥራ ሹራብ ጋር እንለብሳለን፤ ገበሬው አረንጓዴ ቁምጣ፣ ጋቢና ኮንጎ ጫማ ነው። የኮንጎ ጫማ ሻጩ በገበያ ቀን ሸራ ዘርግቶ ላስቲኩን በየቀለሙ ይከምረው ነበር፤ ሰው አንዱን እግር ለክቶ ጓደኛውን ከክምሩ ውስጥ ሲፈልግ ግማሽ ቀን ያልፍበታል። ከእሱ አጠገብ ካሴት የሚቀዳ ሱቅ ነበር። ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን ከበሩ ላይ ሰቅሎ ጠዋት እስክስታ፣ ከሰዓት በኋላ የማሲንቆ ትዝታ ያሰማን ነበር፤ የሩዝ ወፍጮዎቹ እየበዙ ሲመጡ ድምፁን ዋጡበትና ተናዶ ሱቁን ወደ ደብረ ታቦር መንገድ አዛወረ። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ከሥሩ ሞባይል ይጠገናል።

ሩዝ በፎገራ ሜዳ አዲስ በነበረ ጊዜ ሰው ይስቅበት ነበር። ርብና ጉማራ ክረምት ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ ከብቱ ወደ ደጋው ይነዳል፣ መሬቱ ውሃ ይዞ ይከርማል፣ ውሃው ሲሸሽ ጓያ ይዘራበታል፤ ለአባቶቻችን እርሻ እሱ ነው። ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያፈራ እህል መጣ ሲባል ማን ያምናል። ካመኑ በኋላ ግን ማንም አልቀረም። ችግሩ መፈልፈሉ ነበር፤ ሴቶቹ በሙቀጫ ሲወቅጡት ይውላሉ፣ ግማሹ ተሰባብሮ ይወጣል። ሞተር የሚያዞረው መፈልፈያ ወረታ ሲገባ ሴቶቹ እልል ማለታቸውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መፈልፈያ ማለት ስላልቀናን ሁላችንም ወፍጮ እንለዋለን።

ከመጀመሪያዎቹ ወፍጮዎች አንዱን የገዙት ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ታላቁ እንየው፣ ታናሹ ጥጋቡ። በሬ ሸጠው፣ ሩዝ ሸጠው፣ እኩል እኩል አዋጥተው፣ በአሥራ ስምንት ሺህ ብር ገዝተው ከአዲስ አበባ አስጭነው አመጡት። ያኔ ይህ ብር ቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት አቁሞ የሚተርፍ ነው። እንየው ቁመተ ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ቀልድ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ የዕድሜ እኩያዬ ስለነበር አንተ አንቺ እንባባላለን። ጥጋቡ ዝምተኛ ነው፤ የሞተሩን ነገር ቶሎ የተማረው ግን እሱ ነው። የጥጋቡ ሚስት አገሬ ትባላለች። ሚዛኑ ዘንድ ቆማ ሩዝ የምትቀበለው እሷ ነበረች፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ሲያስቸግሯት ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት። ወፍጮ ቤቱ ከአቶ ሰይድ ሱቅ አጥር ለአጥር ነበር። አቶ ሰይድ ጨርቅና ጨው የሚነግዱ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም በሽምግልና የሚጠራቸው ሰው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማረው።

ወፍጮው ሥራ በጀመረ በዓመቱ ግብር ቤቱ ሒሳባችሁን አምጡ አላቸው። እንየው አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ብጭቅጫቂ ደረሰኝ ተሸክሞ ቢሮዬ መጣ፤ እኔም ከሥራ ሰዓት ውጪ ልይዝላቸው ተስማማሁ። የእርጅና ቅናሽ የሚባለውን ነገር ያስረዳሁት ያን ቀን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ዕቃው የተገዛበት ዋጋ ይያዛል፤ ዕድሜውን ሲጨርስ ብረቱ ያወጣል የሚባለው ይቀነሳል፤ የቀረው፣ ዕቃው ይሠራል ተብሎ ለተገመተው ዓመት እኩል ይካፈላል። በቀጥታ መስመር ማስላት የሚባለው ይኸው ነው፤ አምናም ዘንድሮም ያው ነው፣ ወጣ ገባ የለውም። ወፍጮውን መካኒኮቹ አሥር ዓመት ይሠራል አሉ። ውዳቂ ብረት የሚገዛ ሰው ያኔ ወረታ ውስጥ ስላልነበረ መጨረሻ ላይ የሚቀረውን ዋጋ ባዶ አደረግኩት። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር ያረጃል ማለት ነው፤ ይህም እንደ ወጪ ተይዞ ግብሩ ያንስላችኋል አልኩት። ግብሩ ያንሳል የሚለውን ሲሰማ ፊቱ በራ። ነገር ግን ያ ገንዘብ ከእጃችሁ ስለማይወጣ ትርፍ መስሎ ይታያችኋል፣ ተካፍላችሁ እንዳትበሉት፣ ወፍጮው ሲሞት ሌላ መግዣችሁ እሱ ነው ብዬ ስጨምር ሳቀ።

«ስሚ እንጂ፣» አለ፤ «በሬ ወይፈን ሆኖ ይገዛል። እያረሰልን ያድጋል። ሲደክም ደግሞ አድልበን ለፋሲካ እንሸጠዋለን፤ ከገዛንበት እጥፍ ያወጣል። ሠርቶ ሠርቶ ዋጋው የሚያንስ ንብረት እኔ አይቼ አላውቅም።»

እውነቱን ነው። እኔ የገበሬ ልጅ ስለሆንኩ ገባኝ እንጂ ከተማ ያደገ ሒሳብ ሠራተኛ ቢሆን መሐይም ነው ብሎ ያልፈው ነበር። የፎገራ ሰው ሀብቱ ከብት ነው፤ ከብት ደግሞ ይወልዳል፣ ይሰባል፣ ሲያረጅም ሥጋ ነው። ላም ሸጦ ወፍጮ የገዛ ሰው ወፍጮውን የሚያየው በላም ዓይን ነው። እንየውም በየዓመቱ ግብር ሲደርስ ግብር ቤቱ ፊት አርጅልኝ፣ ቤታችን ግን ጎረምሳ ነው ይለኝና ይሄዳል። ከሚታለበው ላይ ለወፍጮው ምንም አይተውም፤ ያገኘውን ያን ዓመቱን ይጨርሰዋል። አንድ ዓመት ቤቱን ቀለም አስቀባ፣ አንድ ዓመት ለልጁ ሠርግ ድንኳን ተክሎ አገር ምድሩን ጠራ፤ እኔም ተጠርቼ በልቻለሁ።

ጥጋቡን ወባ የወሰደችው ወፍጮው በተገዛ በሁለተኛው ዓመት ነው። በወባ ወቅት ያኔ በየሰፈሩ ለቅሶ ነበር፤ የጥጋቡ ግን ከነከነኝ፣ ሦስት ልጆች ትቶ ነው የሞተው። አገሬ ከዘመዶቿ ወደ አባትሽ አገር ተመለሺ ብትባልም አልሄደችም። የባሏ ድርሻ የእሷና የልጆቿ መሆኑን ሽማግሎች አጸኑላት፤ ሞተሩን ማስነሣት ተማረች፤ በቀሚሷ ላይ የባሏን ካፖርት ደርባ፣ እጇ እስከ ክርኗ ናፍጣ ሆኖ አያታለሁ። ሴት ሞተር ታስነሣለች ተብሎ ለማየት የሚመጣ ሰው ነበር። እሷ ለተመልካች ፊት አትሰጥም፤ ሩዝ ካልያዝክ በር አትዝጋ ትለዋለች።

ባሏ ከሞተ በኋላ የመጀመሪያውን የሒሳብ መዝጊያ ልትሰማ ስትመጣ ያው የእርጅናውን ነገር ጠየቀችኝ። ለእንየው እንደነገርኩት ብነግራት እንደማይሆን ስላወቅሁ ሌላ መንገድ ፈለግሁ። አባቴ ቤት ያየሁት ማረሻ ትዝ አለኝ። ማረሻ አዲስ ሲሆን ረጅም ነው። በየዓመቱ ድንጋዩ ይበላዋል፣ ቀጥቃጩ ያሾለዋል፣ ትንሽ ያጥራል፤ በመጨረሻ ከእርፉ ጋር የማይያዝ ጉማጅ ይሆናል። ወፍጮሽ በሬ አይደለም፣ ማረሻ ነው አልኳት። አዲስ ማረሻ የሚገዛው በምንድን ነው አለችኝ። የበላው ያህል በየዓመቱ ከተቀመጠ በዚያ ነው አልኩ። የሷ እኩሌታ ዘጠኝ መቶ ብር ነበር፤ ባንክ አስቀምጪ ብዬ መከርኳት።

ባንክ አላስቀመጠችም። ይፋግ አጠገብ ከሚኖረው ወንድሟ ጋር ተማክራ በዘጠኝ መቶ ብሩ ሁለት ጊደር ገዛችና እሱ ዘንድ ለርቢ ሰጠች። ርቢ ማለት የታወቀ ነው፤ ከብቱ የባለቤቱ ነው፣ የሚጠብቀው ሰው ወተቱን እየጠጣ የተወለደውን ይካፈላል። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ አደረገች፤ በየዓመቱ ሐምሌ፣ ግብሯን በከፈለች ማግስት ይፋግ ገበያ ትወርዳለች። ብር ዋጋው ይወርዳል፣ ጊደር ሊሞትብሽ ይችላል፣ የትኛው ይሻላል ብለን ብዙ ተከራክረናል። «እታለም፣ የሚያረጀውን በሚያድግ ነው እንጂ የምተካው በሚቀመጥ አይደለም፣» አለችኝ። እኔ ባንክ አልኩ፣ እሷ ጊደር አለች፤ የኔ ምክር ሳይሰማ ቀረ። የሰፈሩ ሰው ላም አለኝ በሰማይ እያለ ይተርትባት ነበር። እንየውም ያውቃል፤ ከወንድም ጋር የሚረባ ከብት ተቆጥሮ አያውቅም፣ ወንድሟ ወተቱን ጠጥቶ ጥጃዎቹን ጅብ በላቸው ይላታል ብሎ ይስቅ ነበር።

አሁን የሒሳብ ልጆች ይህን ሁሉ በኮምፒዩተር ያደርጉታል። የእኅቴ ልጅ አንድ ቀን አሳየችኝ፤ ዋጋውንና ዓመቱን አስገብታ አንድ ነገር ስትጫን የአሥሩ ዓመት ሁሉ ተደርድሮ ወጣ። እኔ በካልኩሌተር ነበር የምሠራው፤ ከላዩ ወረቀት የሚያወጣ ትልቅ ካልኩሌተር፣ ቢሮው ውስጥ አንድ ብቻ ስለነበረ በየተራ እንካፈለዋለን። ወረቀቱ ሲያልቅብን ከባሕር ዳር እስኪመጣ በእጃችን እንደምራለን። የእኅቴን ልጅ፣ ቁጥሩ ወጣ፣ ቁጥሩ ለባለቤቱ ምን እንደሚል ግን ትነግሪዋለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ያ የእኛ ሥራ አይደለም አለችኝ። እኔ የሥራዬ ትልቁ ክፍል እሱ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ደመወዝ ባይከፈለኝም።

ስድስተኛው ዓመት ሲዘጋ እንየው ሽርክናው ይፍረስ አለ። ልጆቹ አድገዋል፣ ወፍጮው ሁለት ቤተሰብ አይችልም፣ ከወንድሜ ሚስት ጋር ሚዛን ላይ መተያየት ሰለቸኝ የሚል ነበር ምክንያቱ። ለአገሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከጥጋቡ የቀረላት መሬት ርብ በሞላ ቁጥር የሚበላው ነው፤ ሦስቱን ልጆች የሚያበላውም የሚያስተምረውም ወፍጮው ነበር። እሱ ከእጇ ከወጣ የሰው ሩዝ ተቀጥራ ልታርም፣ ወይ ልጆቹን ለዘመድ አከፋፍላ አባቷ ቤት ልትገባ ነው። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እንየውም ያውቃል። ቢሮዬ መጥታ ተቀመጠች፤ አላለቀሰችም።

ሽምግልናው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአቶ ሰይድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። በአገራችን የማይከፈል ነገር ያላቸው ሸሪኮች ሲለያዩ የታወቀ ሥርዓት አለ፤ አንዱ ይገምታል፣ አንዱ ይመርጣል። ገማቹ የንብረቱን ዋጋ ይጠራል፤ መራጩ ከፈለገ የዋጋውን እኩሌታ ተቀብሎ ይወጣል፣ ከፈለገ እኩሌታውን ከፍሎ ንብረቱን ይወስዳል። ገማች የሚሆነው መለያየቱን የጠየቀው ነው። አሳንሶ የገመተ ንብረቱን በርካሽ ይነጠቃል፣ አብዝቶ የገመተ በውድ ይገዛል፤ ስለዚህ ሰው ሳይወድ በግዱ ልክ ይናገራል። ከዚህ የተሻለ የግምት ዘዴ ትምህርት ቤትም አላስተማሩኝም።

እንየው ግን ልክ መናገር አልፈለገም። ያን ሰሞን አዲስ ወፍጮ ዋጋው እጥፍ ሆኖ ነበር፤ ያገለገለውም ቢሆን እነሱ ከገዙበት በላይ ይሸጣል። እሱ ያሰበው ባሏ የሞተባት ሴት ከየት አምጥታ ትከፍላለች፣ የግድ ገንዘቡን ነው የምትቀበለው፣ እንግዲያ አሳንሼ ልገምት የሚል ነው። ማሳነሻም አላጣም። ከጋቢው ሥር እኔ ለግብር የሠራሁለትን ወረቀት አወጣ። ስድስት ዓመት የእርጅና ቅናሽ ሲወጣ የቀረው ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ብር ነበር። ግምቴ ይኸ ነው አለ። እኔ ወረቀቱን እንዳስረዳ ተጠርቼ ጥግ ተቀምጬ ነበርና ተነሥቼ ተናገርኩ። ይህ የመዝገብ ዋጋ ነው፣ የገበያ ዋጋ አይደለም፤ የተገዛበት ብር ለዓመታት ሲከፋፈል ምን ያህል እንደቀረ ይነግራል እንጂ ወፍጮው ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ አያውቅም፤ እንኳን ገበያውን ሞተሩ ይነሣ አይነሣ አያውቅም አልኩ። ሽማግሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንየው ወረቀቱን ከፍ አድርጎ መንግሥት ያመነበትን እኔ አላምንም ወይ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያን ቀን ሁለቱንም አንድ ላይ አየሁ።

አቶ ሰይድ ከወገባቸው ቀና ብለው አዩት። «እንየው፣ ገበያውን ታውቃለህ። የምትገምተው ለራስህም ነው። ቃልህ ይኸ ነው?»

«ቃሌ ነው፣» አለ።

ወደ አገሬ ዞሩ፤ ምረጪ አሏት። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ወፍጮውን እወስዳለሁ፣» አለች።

እንየው መጀመሪያ ሳቀ፤ በምን ልትከፍይ ነው አላት። እስከ መጪው የይፋግ ገበያ ቀን ድረስ ጊዜ ይስጡኝ አለች እንጂ አልመለሰችለትም። ያኔ ነው የገባው። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ይህ የወረቀቱ ግምት ነው፣ የኔ አይደለም፣ እንደገና ልገምት ብሎ ተነሣ። አቶ ሰይድ እጃቸውን አነሡ። «ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ። አንተ ገማች ነህ፤ መራጯ እሷ ናት፣» አሉት። ነገሩ እዚያው አለቀ።

በገበያው ቀን አብሬያት ይፋግ ወረድኩ፤ ብር ስትቆጥር ሰው ከጎንሽ ይኑር ብዬ ነው። ወንድሟ አራት ላም ነድቶ መጣ። የፎገራ ላም ያላየ ሰው ይጸጸታል፤ ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር፣ ሆደ ሰፊ፣ ቀንደ አጭር። ጊደር ሆነው ሲገዙ አጥንታቸው ይቆጠር ነበር፤ አሁን ገዢው ዙሪያቸውን እየዞረ ጡታቸውን ሲያይ ሌላው ከኋላ ይገፋዋል። አራቱ ተሸጠው ሦስት ሺህ ስድስት መቶው ሞላ፤ ሌሎቹ ከነጥጆቻቸው ለዘር ቀሩ። እኔ ባንክ ነበር ያልኳት፤ ባንክ ቢሆን ኖሮ ያስቀመጠችውን መልሳ ታገኛለች እንጂ ከፍላ የሚተርፍ ከብት አይኖራትም ነበር። መመለሻችን ላይ አንድም ቃል ስለዚያ አላነሣችብኝም፤ ለልጆቹ ኮንጎ ጫማ ልግዛ ብላ ከክምሩ ውስጥ ቁጥር ስትፈልግ መኪናው አመለጠን፤ በእግራችን መንገድ እንደጀመርን አንድ የጭነት መኪና አሳፈረን።

ከዚያ ወዲህ ወፍጮው የአገሬ ሆነ። ልጆቿ ደብተርም ልብስም አላጡም። እንየው በሦስት ሺህ ስድስት መቶው ወፍጮ ሊገዛ አይችልም፤ የወፍጮ ሲሶም አይሆንም። ሽንኩርት ዘራበት። አንድ ዓመት ደህና ሆነለት፤ በሁለተኛው ርብ ያለጊዜው መጣና መደቡን ከነሽንኩርቱ ጠረገው። መሬቱን አከራየ፤ ልጆቹ ተበተኑ፤ እሱ በሰው ወፍጮ ቤት ጆንያ ሲሸከም ይታይ ጀመር። ያ ጎርናና ድምፁ ጠፋ። አገሬን ቤተ ክርስቲያን አጥር ላይ ሲያያት በሌላ በር ይወጣል። የጥጋቡ ሙት ዓመት ሲዘከር እንኳ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ጸሎቱን ሰምቶ ይሄዳል፤ የወንድሙን ጠበል አይቀምስም። አቶ ሰይድ ሊያስታርቁ ሞክረው ነበር፤ ምን ብዬ እገባለሁ አላቸው።

አሥረኛው ዓመት ሞላ። ወፍጮው በኔ መዝገብ ላይ ባዶ ሆነ፤ በወረታ ግን ጠዋት ጠዋት አንዴ ተንኳኩቶ ይነሣና እስከ ማታ ይሠራል። ዕቃ ዕድሜውን ከሒሳብ ሠራተኛ አይጠይቅም። አገሬ ያረባቻቸውን ከብቶች እንደገና ሸጣ አዲስ፣ ትልቅ ወፍጮ አስመጣች። አሮጌውን ለመግዛት ከአዲስ ዘመን ከተማ አንድ ነጋዴ መጥቶ አዲስ ሳለ የተገዛበትን ያህል ሰጣት፤ አልሸጥም አለችው። ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ መጣች። ለእንየው ልሰጠው ነው አለች።

ያን ያህል ያደረገሽን ሰው ብዬ ልጀምር ስል ቀደመችኝ። የልጆቼ አጎት ነው፣ ጆንያ ሲሸከም ልጆቼ ያያሉ አለች። «ብሸጥለት የለውም። ባበረክትለት አይቀበለኝም። ወረቀትሽ ላይ ስንት ነው?» ዜሮ ነው አልኳት። «እንግዲያ ዜሮ የሆነ ነገር ስጦታ አይባልማ። እሱ ፊት አንቺ በይልኝ።»

በማግስቱ እንየው በአቶ ሰይድ ተጠርቶ ወፍጮ ቤቱ መጣ። ግቢው ውስጥ አልገባም፤ መዝጊያው ላይ ቆመ፤ ትከሻው ላይ የጆንያ አቧራ አለ። አዲሱ ወፍጮ ከውስጥ ቆሟል፤ አሮጌው ከነሞተሩ ደጅ ወጥቷል። እኔ እንደተባልኩት ተናገርኩ። ይህ ወፍጮ አሥር ዓመቱን ጨርሷል፣ ዋጋው ዜሮ ነው፣ ቦታ ይዞባታልና የሚያነሣላት ሰው ትፈልጋለች አልኩ። እንየው ወፍጮውን ሳይሆን እኔን አየኝ። ያን እሑድ በረንዳው ላይ የተናገርኩትን አልረሳውም፤ ያን ነገር ከእሱ በላይ በውድ የተማረው ሰው የለም።

«የመዝገቡን ነው የምትነግሪኝ፣» አለ ቀስ ብሎ። «የገበያውስ?»

ዕድሜዬን ሙሉ ለመጣው ሁሉ ስናገረው የኖርኩት ነገር ከምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት። «እኔ የማውቀው የመዝገቡን ብቻ ነው፣» አልኩት። «ዜሮ ነው።»

አቶ ሰይድ መሬት መሬት ያያሉ። እንየው ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እንዲወርድ አልፈቀደለትም። ሄዶ ወፍጮውን በመዳፉ ዳሰሰው፤ ሞተሩን ዞረው፤ ጎንበስ ብሎ ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያያይዘውን የላስቲክ ቺንጋ በጣቱ ሳብ አድርጎ ለቀቀ።

«ቺንጋውስ?» አለ ቀና ሳይል። «ቺንጋው አብሮ ነው?»

አገሬ ሚዛኑ አጠገብ ነበረች። «ቺንጋው አዲስ ነው፣ ጋሼ፤ ባለፈው ወር ነው የገዛሁት፣» አለችው። «የእሱን ይከፍሉኛል።»

ከቁምጣው ኪስ የላስቲክ ከረጢት አውጥቶ የታጠፉ ብሮቹን አንድ በአንድ ዘርግቶ ሰጣት። እሷም ቆጥራ፣ አንድ ብር ይጎድላል አለችው፤ ፈልጎ ሞላላት። ከዚያ በኋላ ይግቡና ምሳ ይብሉ ስትለው ጫማውን ደጃፉ ላይ አውልቆ ገባ።